ላሊበላ ዙሪያ ለሚገነባ ሁሉ፦ ከፎቁ በፊት ስለ ውኃው እንነጋገር

ውኃ_ልክ (ክሩን የከፈተ)

ስለ ላሊበላ ክርክር በተነሳ ቁጥር ወሬው ወይ አብያተ ክርስቲያናቱን ከዝናብ ለመከለል ከላያቸው በቆመው መጠለያ ላይ ነው ወይ የሆቴሎቹ ፎቅ ላይ። ሁለቱም መነሳታቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን ከቤተ አማኑኤል ወይም ከቤተ መድኃኔ ዓለም በላይ ባለው ተዳፋት ላይ የተሠራ፣ ቆርቆሮ የለበሰና ተራ ጉድጓድ ሽንት ቤት ያለው አንድ ምድር ቤት፣ ማዶ ከቆመ ባለ አራት ፎቅ የባሰ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ለምን እንደሆነ ልዘርዝርና የጎደለውን እናንተ ሙሉ።

መጀመሪያ ዐለቱ። አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉት ቀላ ካለና ቀዳዳ ከበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ለመሮ የተመቸው ለስላሳ ስለሆነ ነው፤ ለስላሳነቱ ግን ውኃም ያስጠጣዋል። በውስጡ ሸክላማ ማዕድን አለ፤ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ክረምትና በጋ ሲፈራረቁበት ስንጥቁ ትንሽ በትንሽ ይሰፋል፣ ፊቱም እየተላጠ ይረግፋል። ዝናቡን ከላይ ብትከለክሉት እንኳ ውኃው ከተዳፋቱ በስንጥቅ በኩል በጎን ይገባል። መጠለያ ያለበት ቤተ ክርስቲያን ግድግዳው ከታች ሊረጥብ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ሂሳቡ። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት 1 ሊትር ውኃ ነው። በሐምሌ አንድ ከባድ ዝናብ 40 ሚሊ ሜትር ቢወርድ 400 ካሬ ግቢ ላይ 16,000 ሊትር ይሆናል። ግቢው ሣርና አፈር ሳለ ከዚያ ውስጥ 30 በመቶ ያህሉ ቁልቁል ይሄዳል ብንል 4,800 ሊትር ነው። ሙሉ በሙሉ ቆርቆሮና ኮንክሪት ሲለብስ 90 በመቶ ያህሉ ይወርዳል፤ 14,400 ሊትር። ልዩነቱ 9,600 ሊትር፣ ከአንድ ግቢ፣ በአንድ ዝናብ። ሠላሳ እንዲህ ያለ ግቢ ሲደመር 288,000 ሊትር። ይህ ሁሉ ደግሞ ተበትኖ አይወርድም፤ በአሸንዳ ተሰብስቦ በአንድ ነጥብ ላይ ይፈሳል። እዚያ ነጥብ ላይ አፈሩን ቦርቡሮ ቦይ ያወጣል፤ ቦዩም መውረጃ ፍለጋ ሄዶ ሄዶ የሚደርሰው ቤተ ክርስቲያኑን ከከበበው ፍልፍል ጉድጓድ ጠርዝ ነው።

ስለዚህ በእኔ ግምት ለማንኛውም የግንባታ ጥያቄ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ፎቅ ነው?» መሆን የለበትም። «የጣራህ ውኃ የት ይሄዳል? የሽንት ቤትህስ?» ነው መባል ያለበት።

ቱምቢ

ልክ ነው፤ ከመሠረት ቁፋሮ በኩል የምጨምረው አለ።

አብያተ ክርስቲያናቱ ሲፈለፈሉ የወጣው ኮረትና ድንጋይ አልጠፋም። በየዳገቱና በየጠርዙ ተከምሮ፣ ሣር በቅሎበት፣ ተፈጥሯዊ ጉብታ መስሎ ተቀምጧል። የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች የፍልፈላውን ቅደም ተከተል ለማወቅ ከሚያጠኗቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ክምር ነው። ለቆፋሪ ግን ድጅኖ በቀላሉ የሚገባበት የላላ መሬት ነው፤ ደስ ብሎት በአንድ ቀን ጠርጎ ይጨርሰዋል። ጉዳቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ታሪኩ በአካፋ ተጭኖ ይሄዳል። ሁለተኛ፣ ሕንጻውም አይጸናም፤ የተደፋ ኮረት ላይ ያረፈ መሠረት ውኃ ሲያገኘው እኩል ሳይሆን በአንድ ጎን ይሰምጣል፣ ግድግዳውም በሁለት ክረምት ውስጥ ከመስኮቱ ጥግ ጀምሮ በሰያፍ ይሰነጠቃል።

መሐንዲሱ ማድረግ ያለበት ቀላል ነው። ከፕላን ሥራ በፊት በቦታው ቢያንስ ሦስት መፈተሻ ጉድጓድ፣ 1 ሜትር በ1 ሜትር፣ በእጅ ይቆፈር። ሥራው የቅርስ ባለሙያ ባለበት ይሁን። የአፈሩ ንብርብር በየ20 ሴንቲ ሜትሩ ይመዝገብ፣ ፎቶ ይነሳ። ማዕዘኑ የሾለ፣ መጠኑ የተዘበራረቀ፣ በመካከሉ የመሮ ጠባሳ ያለበት ቁራጭ ድንጋይ ከወጣ ይህ የፍልፈላ ክምር ነው፤ ሥራው እዚያ ላይ ይቆማል።

ጃክ ሐመርና ድማሚት በአካባቢው መነሳት እንኳ የለባቸውም። ዐለት መስበር የግድ ከሆነ በመሮና በመዶሻ፣ ወይም ቀዳዳ በስቶ በሽብልቅ መሰንጠቅ ነው። ጊዜ ይወስዳል፣ ዋጋም ይጨምራል፤ እዚያ መገንባት የፈለገ ይክፈላ።

አሸተን_ሥር

እንግዲህ ሁላችሁም አዋቂ ናችሁ፤ እኛ ነዋሪዎቹ ደግሞ በየጊዜው የምንሰማው አንድ ቃል ነው፦ ክልክል። ቆርቆሮ ክልክል፣ ሽንት ቤት መቆፈር ክልክል፣ አጥር ማደስ ክልክል። በዓለም ባንክ ገንዘብ በታገዘው የቱሪዝም ልማት ፕሮጀክት ጊዜ ከአብያተ ክርስቲያናቱ አጠገብ የነበሩ አባወራዎች ተነስተው ወደ ሠፈራ ቦታው ወደ ኩራኩር ሄዱ። ከዚያስ? ላሊበላ ሙዚየም አይደለችም። ካህኑ ለማኅሌት በሌሊት የሚነሳው ከዚያው ሠፈር ነው፣ የገና እንግዳ እግሩ ታጥቦ የሚያድረውም እዚያው ነው። ሰው አውጥታችሁ ውኃውን ብታስተካክሉት ለማን ነው?

ውኃ_ልክ

ለአሸተን_ሥር፦ በዚህ ላይ አልከራከርዎትም፤ ከምህንድስናውም አንጻር ሰው ማስወጣቱ ብቻውን መፍትሔ አይደለም። ሰው የማይኖርበት ግቢ ጣራው ይወርዳል፣ ቦዩ ይደፈናል፣ የፈረሰው ግድግዳ ውኃ ያቁራል። አንድ አባወራ በየጠዋቱ በአካፋ የሚጠርገውን ቦይ ማንም ፕሮጀክት አይጠርገውም። አሮጌዎቹን ባለ ሁለት ደርብ ክብ የድንጋይ ቤቶች ካያችሁም እንክብካቤ ያገኙት የቆሙት ሰው ስለኖረባቸው ነው።

ሽንት ቤቱ ላይ ግን አልስማማም፤ እሱ ከዝናብም የከፋ ነው። ዝናብ የክረምት ነው፤ ጉድጓድ ሽንት ቤት ዓመቱን ሙሉ ዐለቱን ያጠጣል። ፍሳሹ ጨውም ይዞ ነው የሚሄደው። ጨዉ ከዐለቱ ፊት ላይ ሲደርቅ ይጠጥራል፣ ሲጠጥር ይሰፋል፣ ሲሰፋ የድንጋዩን ፊት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ያነሳዋል። ግድግዳ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካያችሁ እሱ ነው።

ማድረግ የሚቻለው፦ ከአብያተ ክርስቲያናቱ በላይ ያሉ ቤቶች ሁሉ ውኃ የማያሳልፍ ታንከር ይኑራቸው፣ መጣጭ ጉድጓድ ፈጽሞ አይኑር። የአምስት ሰው ቤት በውኃ የሚለቀቅ መጸዳጃ ከሌለው ታንከሩ ትንሽ ይበቃዋል፤ በቦቴ ይመጠጣል። ቦቴ በማይገባበት ጠባብ መንገድ ለ8 ወይም ለ10 ቤት አንድ የጋራ መጸዳጃ ከተዳፋቱ በታች ይሠራ። ታንከሩ ሲያልቅ ሳይሞከር አይረከቡ፦ እስከ አፉ ውኃ ሙሉት፣ 24 ሰዓት ተዉት፤ ግድግዳው ውኃ ስለሚጠጣ ትንሽ ይወርዳል። እንደገና ሙሉት፣ ምልክት አድርጉ፣ ሌላ 24 ሰዓት ቆዩ። ከዚያ በኋላ ከምልክቱ ከወረደ ያፈሳል ማለት ነው። ብዙ ቦታ «ሴፕቲክ ታንክ» ተብሎ የሚሠራው ወለሉ ኮንክሪት ያልተደረገ ጉድጓድ ነው፤ ስሙ ታንክ ሆነ እንጂ መጣጭ ነው።

ጠያቂ_ነኝ

አንድ ነገር አልገባኝም። ሣር ላይ የወረደው 70 በመቶ ዝናብም እኮ መሬት ውስጥ ነው የሚገባው። ታዲያ እሱስ ዐለቱን አያርሰውም? ሌላ ከተማ ላይ ደግሞ ዝናብ ውኃን ወደ መሬት አስርጉት ነው የሚባለው።

ውኃ_ልክ

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ መሐንዲስም እዚህ ጋ ይሳሳታል። ሣር ላይ የወረደው ከላይኛው አፈር ውስጥ ተበትኖ ይቀመጣል፣ ሥሩ ይመጠዋል፣ ፀሐይ ያተነዋል። የሚጎዳው የተሰበሰበ ውኃ ነው። በአንድ ቦታ የሚቆም ወይም ያለማቋረጥ የሚንጠባጠብ ውኃ ጊዜ ስላለው ስንጥቁን ፈልጎ ያገኘዋል። ስለዚህ ሌላ ከተማ ላይ የሚመሰገነው የማስረጊያ ጉድጓድ እዚህ መርዝ ነው። የኮንሰልታንት ሰነድ ላይ «ለአካባቢ ተስማሚ የዝናብ ውኃ ማስረጊያ» የሚል ካያችሁና ቦታው ከአብያተ ክርስቲያናቱ በላይ ከሆነ ፋይሉን መልሱ።

ትክክለኛው ለ400 ካሬው ግቢ 10,000 ሊትር ታንከር ነው፤ የቅድሙ 9,600 ሊትር ማለት ነው። ትርፉ በተዘጋ ቱቦ ከአብያተ ክርስቲያናቱ ተዳፋት ውጭ ይወጣል። ከሁለት ዝናብ መካከል ታንከሩን ማስተንፈስ መርሳት የለም፤ ሞልቶ የሚጠብቅ ታንከር የለም ከሚባል አይሻልም። የቱቦው መጨረሻም ድንጋይ የተነጠፈበት ደረጃ ይፈልጋል፤ አለዚያ ውኃው ወጥቶ የወደቀበትን ይቆፍራል።

ዘሮሃ

እንደምን ሰነበታችሁ። ስለ ውኃው የተባለው መልካም ነው፤ የቀደሙት አባቶችም አስበውበታል። የቤተ ጊዮርጊስን ጣራ ልብ በሉ፦ የሦስቱ መስቀሎች ቅርጽ ተዳፋትና መውረጃ ተበጅቶለታል፣ ውኃው በአፈሳሽ ይወርዳል። አጸዱም ወለሉ ዘንበል ብሎ ውኃውን ወደ መውጫ ይመራል። ችግሩ መውጫው ደለል ሲሞላው ነው።

እኔ የማነሳው ግን ከውኃ ውጭ ያለውን ነው። ከተማዪቱ ኢየሩሳሌምን እንድታስብ የተሰናዳች ናት፤ ዮርዳኖስ አለ፣ ጎልጎታ አለ፣ ቤተ ልሔም አለ። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚኬድበት መንገድ ራሱ የጸሎት መንገድ ነው። አንድ ሕንጻ አብያተ ክርስቲያናቱን ባይነካ እንኳ ሰገነቱ ወደ አጸዱ ካየ፣ ድምፅ ማጉያው በማኅሌት ሰዓት ከተሰማ፣ መብራቱ ሌሊቱን ቀን ካደረገው ጎድቷል። በገና ዕለት ማሜ ጋራ ላይ ካህናቱ ከላይና ከታች ሆነው «ቤዛ ኩሉ» ሲወርቡ ከኋላቸው የሆቴል ማስታወቂያ ሲታይ ምን ይባላል? ይህ በሊትር አይለካም፤ ግን በፈቃድ ወረቀቱ ላይ መጻፍ አለበት።

መስመረ_ዕይታ

በሊትር ባይለካም መምህር፣ በቀርከሃ ይለካል። ዋጋው ርካሽ የሆነ ፈተና አለ።

ሕንጻው ይቆምበታል በተባለው ቦታ አራቱ ማዕዘን ላይ የታቀደውን የጣራ ጫፍ ከፍታ የሚያህል ቀርከሃ ወይም ባሕር ዛፍ ይቆማል፤ ጫፉ ላይ ደማቅ ጨርቅ ይታሰራል። በገመድ ይወጠር፣ ነፋስ ካጎነበሰው ልኬቱ ሐሰት ነው። ከዚያ ከተመረጡ ነጥቦች ፎቶ ይነሳል፦ ከቤተ ጊዮርጊስ ጠርዝ፣ ከማሜ ጋራ፣ ከቤተ አማኑኤል መግቢያ፣ ከዮርዳኖስ መሻገሪያ። ካሜራው በ1.60 ሜትር ከፍታ፣ ሳያቀርብ ሳያርቅ፤ ማራቂያ ሌንስ ሕንጻውን ስለሚያሳንሰው ብዙ አልሚ በእሱ ነው የሚያነሳው። ጨርቁ ከታየ ሕንጻው ይታያል። ሁለት ሳምንት ቆሞ ሰው ሁሉ አይቶት አስተያየት ይስጥበት። በኮምፒውተር ከተሠራ ማራኪ ሥዕል አንድ ቀርከሃ የበለጠ እውነት ይናገራል።

የሚረሱ ሦስት ነገሮች አሉ፦ ጣራ ላይ የሚወጣው ጥቁር ወይም ሰማያዊ የውኃ ሮቶ፣ የደረጃ ቤቱ፣ የሳተላይት ሳሕኑ። ፕላኑ ላይ 9 ሜትር የተባለው ሕንጻ በእነዚህ ምክንያት 12 ይሆናል። ቀርከሃው እስከ ሮቶው ጫፍ ይሁን። መስተዋት ፊት ደግሞ ከቀትር በኋላ ፀሐይዋን ይዞ አጸዱ ላይ ሊወረውር ይችላል፤ አዲስ ቆርቆሮም እንዲሁ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

ጥያቄ ለባለሙያዎቹ። ሀገር ቤት ኢንቨስት ማድረግ የሚፈልጉ ብዙ ዘመዶች አሉን፤ ላሊበላ ላይ ባለ 20 ክፍል ጂ ፕላስ ስሪ ገስት ሐውስ የሚሉ። ደላላው «ፈቃዱን እኔ እጨርሳለሁ» ይላል። ትክክለኛው አካሄድ ምንድን ነው? ምን ያህልስ ያዘገያል?

አንቀጽ_በአንቀጽ

ደላላ የሚጨርሰው ፈቃድ ኋላ የሚፈርስ ሕንጻ ነው። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።

መሬቱን ከመያዛችሁ በፊት ቦታው በከተማው ፕላን ላይ ምን ተብሎ እንደተመደበ በጽሑፍ ጠይቁ። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ልማት ሁሉ ከፕላኑ ጋር እንዲስማማ ያስገድዳል። «እዚያ ሌሎች ሠርተዋል» ማስረጃ አይደለም።

ቀጥሎ የቅርስ ባለሥልጣን አስተያየት፣ አሁንም በጽሑፍ። መነሻው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ነው። በተከለለ የቅርስ ስፍራ ያለ ፈቃድ መገንባት፣ መንገድ ማውጣት ወይም መቆፈር አይቻልም፤ በቁፋሮ ቅርስ ያገኘም ወዲያው ማሳወቅና እስኪረከቡት ሳይነካ መጠበቅ አለበት። ሠራተኞቻችሁ ይህን ማወቅ አለባቸው፤ ከኮንትራክተሩ ጋር በምትፈራረሙት ውል ላይም «ቅርስ ሲገኝ ሥራው የሚቆምበት ጊዜ ቅጣት አያስከትልም» የሚል አንቀጽ አስገቡ። ይህ አንቀጽ ከሌለ ኮንትራክተሩ የዘገየበትን ቅጣት ፈርቶ ያገኘውን መልሶ ይቀብረዋል።

ከዚያ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ፣ በአዋጅ ቁጥር 299/1995 መሠረት። እዚህ ላይ የሚበላሸው ሰነዱ ከሌላ ከተማ ተቀድቶ መቅረቡ ነው። ሰነዱ እውነተኛ መሆኑን የምትፈትሹት በአንድ ነገር ነው፦ ከግቢያችሁ ተነስቶ እስከ ቅርብ ቤተ ክርስቲያን ጠርዝ የሚደርስ የመሬት ቁርጥ ሥዕል አለው ወይ? ኮንቱሩ (የመሬቱን ከፍታ የሚያሳየው መስመር) በየግማሽ ሜትሩ ተነስቷል ወይ? ከሌለ ውኃው የት እንደሚሄድ ማንም አላየም።

ዓለም አቀፉ ደግሞ አለ። ላሊበላ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ከመጀመሪያዎቹ 12 ስፍራዎች አንዱ ነበር። የዩኔስኮ ዓለም ቅርስ ኮንቬንሽን የአሠራር መመሪያ አንቀጽ 172 መንግሥት ትልልቅ ግንባታዎችን መመለስ የማይቻል ውሳኔ ከመወሰኑ በፊት ለዓለም ቅርስ ኮሚቴው እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። ለአንድ ገስት ሐውስ ላይደርስ ይችላል። ለመንገድ፣ ለትልቅ ሆቴል፣ ለአደባባይ ግን ይደርሳል። በአንቀጽ 174 መሠረትም ከመንግሥት ውጭ የሆነ ሰው መረጃ ቢልክ የዩኔስኮ ዓለም ቅርስ ማዕከል መንግሥትን ጠይቆ ያጣራል። ስለዚህ ደብዳቤ መጻፍ ከንቱ አይደለም፤ ግን ካርታ፣ ቀን ያለበት ፎቶና ልኬት ይኑረው። ስድብ ያለበት ደብዳቤ ፋይል ውስጥ ይቀራል።

ምን ያህል ያዘገያል ላሉት፦ ከግንባታው በፊት አንድ ክረምት ሙሉ ቦታውን ማየት አለባችሁ፤ በበጋ የተነሳ ፕላን የክረምቱን ጎርፍ አያውቀውም። ያንን አስቡና ገንዘባችሁን በዚያ ልክ አዘጋጁ።

ቱምቢ

ለሲልቨር_ስፕሪንግ፦ 20 ክፍል፣ በክፍል 2 ሰው፣ በሰው 100 ሊትር ብትይዘው በቀን 4,000 ሊትር ፍሳሽ ነው። በ10,000 ሊትር ቦቴ ካወጣኸው በየሁለት ቀን ተኩል አንድ ምልልስ። ዘመዶችህ ይህን ወጪ አስልተውታል? ካላሰሉት ሌሊት ወደ ቦዩ ይለቁታል፤ ሌላ ምርጫ አይኖራቸውም። ሐቁን ለመናገር ቦታው ከአብያተ ክርስቲያናቱ በላይ ከሆነ ባለ 20 ክፍል አይሞከርም። ከታች ወይም ከሸንተረሩ ማዶ ይፈለግ።

ወርቅነህ_አይደለሁም

ዩኔስኮ ይሰርዘናል እያሉ ማስፈራራት ሰለቸን። ከሰረዘ ይሰርዝ፣ ላሊበላ ያለ ዩኔስኮም ላሊበላ ናት።

አንቀጽ_በአንቀጽ

መሰረዝ አለ፤ ድሬስደን በድልድይ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2009፣ ሊቨርፑል በወደቡ አካባቢ ግንባታ እ.ኤ.አ. በ2021 ተሰርዘዋል። ግን ጠቃሚው ምሳሌ ኮሎኝ ነው። ከራይን ወንዝ ማዶ ሊሠሩ የታቀዱ ረጃጅም ሕንጻዎች የካቴድራሉን እይታ ያበላሻሉ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2004 በአደጋ ላይ ያሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገባ፤ ከተማው የሕንጻ ከፍታ ገደብ ሲያወጣ በ2006 ወጣ። የአደጋ መዝገብ ቅጣት ሳይሆን የሥራ ዝርዝር ነው። የእኛው ሰሜን ተራሮችም እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2017 በዚያ መዝገብ ቆይቶ ወጥቷል፤ እዚያም የግጭ መንደር ነዋሪዎች መነሳት የመፍትሔው አካል ስለነበር የአሸተን_ሥር ጥያቄ ተራ ጥያቄ አይደለም።

አሸተን_ሥር

እሰይ፣ አንድ ሰው ሰማኝ። መጠለያውንስ? ነፋስ በመጣ ቁጥር ልባችን ይወድቃል። ለጥቂት ዓመት ነው ተብሎ የመጣ ነገር ነው።

ቱምቢ

መጠለያዎቹ አራት ናቸው፤ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2008 የቆሙ፣ ጊዜያዊ ተብለው። እ.ኤ.አ. በ2018 ሕዝቡ ሰልፍ የወጣባቸው፣ በመጋቢት 2019 የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ማክሮን መጥተው እርዳታ ቃል የገቡባቸው ናቸው። ሥጋቱ የታወቀ ነው፦ የብረቱ ክብደት፣ ሸራው ነፋስ ሲይዝ ምሰሶውን ወደ ላይ የሚስበው ኃይል፣ ጥላው ዐለቱን ከለመደው እርጥበት ውጭ ማድረጉ።

ግን «ዛሬ ይነሳ» የሚለውን አልደግፍም። ጣራው ሳይታከም ከተነሳ የመጀመሪያው ሐምሌ የዓመታቱን ድርቀት በአንድ ጊዜ ያጠጣዋል። ቅደም ተከተሉ መሆን ያለበት እንዲህ ነው። ጣራው ስንጥቅ በስንጥቅ ይመዘገባል። ቀድሞ በሲሚንቶ የተደፈነው በጥንቃቄ ይነሳል፤ ሲሚንቶ ከዐለቱ ስለሚጠነክርና ውኃ ስለማያስተነፍስ እርጥበቱን ከኋላው ይዞ ድንጋዩን ያረግፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በሳንድሮ አንጀሊኒ የተመራው ጥገናም ከሠራው አንዱ ቀደም ብሎ የተቀባውን ሬንጅ ማንሳት ነበር፤ ጣራን በሬንጅ መሸፈን ውኃን ውስጥ ማሰር ነው። ከዚያ በኖራ ይሞላል፦ 1 እጅ በደንብ የበሰለ ኖራ ለ3 እጅ የታጠበ አሸዋ መነሻ ነው፣ ከአሸዋው ከፊሉ ከዚያው ዐለት በተፈጨ ድንጋይ ቢተካ ቀለሙም ጠባዩም ይቀርባል። ከመሙላት በፊት ስንጥቁ ይረጥባል፤ ደረቅ ዐለት የኖራውን ውኃ መጥጦ ያከስመዋል። ሥራው በጥቅምትና በኅዳር ይሁን፣ በጆንያ ተሸፍኖ ቀስ ብሎ ይድረቅ።

በወርልድ ሞኑመንትስ ፈንድ ድጋፍ ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ላይ የተሠራው ጥገና ጣራን በመጠገን መጠበቅ እንደሚቻል ያሳያል። መጠለያዎቹም አንድ በአንድ፣ በበጋ፣ ጠርዝ ላይ ክሬን ሳይቆም ይነሱ፤ የመጀመሪያው ከተነሳ በኋላ ሁለት ክረምት ይታይና ወደ ሁለተኛው ይሄዳል።

ውኃ_ልክ

ስለ መንገድ ሥራም ትንሽ፤ አሁን በየከተማው የኮሪደር ልማት ስላለ ወደ ቅርስ ከተሞች ሲመጣ የሚጠየቅ ነው። የሚያርገበግብ ሮለር አይግባ፤ በማይርገበገብ ሮለር በቀጭን ንብርብር፣ 10 ሴንቲ ሜትር እየሆነ፣ ይጠቅጠቅ። በጀርመን የንዝረት ደረጃ፣ ዲን 4150፣ በቅርስ ሕንጻ መሠረት ላይ የሚፈቀደው ንዝረት ጣሪያው በዝቅተኛ ድግግሞሽ 3 ሚሊ ሜትር በሰከንድ ነው። ንዝረት መለኪያ መሣሪያው ተከራይቶ ሊመጣ ይችላል፤ ኮንትራክተሩ ይክፈል።

ከዚህ የበለጠ ከዓይን የሚሰወረው አደጋ የኬብል ቦይ ነው። ለመብራትና ለኢንተርኔት 80 ሴንቲ ሜትር ቆፍረው ኬብሉን ቀብረው በአሸዋ ይሞሉታል። አሸዋ የተሞላ ቦይ የተደበቀ የውኃ ቱቦ ነው፤ ከላይኛው ሠፈር የገባውን ሁሉ ቀጥታ ወደ አጸዱ ያመጣዋል። ቁልቁለት ላይ በየ10 ሜትሩ ግማሽ ሜትር ውፍረት ያለው ሸክላ አፈር ተጠቅጥቆ ይዝጋው። በፕላኑ ላይ ካልተሳለ አይሠራም፤ ከተቀበረ በኋላም ማንም አያየውም፣ ስለዚህ ከመሸፈኑ በፊት ፎቶ ይጠየቅ።

ዘሮሃ

የባሕር ዛፉስ? አንዳንዶች ይነቀል ይላሉ።

መስመረ_ዕይታ

ይቆረጥ እንጂ አይነቀል። ሥሩ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ከሆነ ሲነቀል ዐለቱን ይዞ ይነሳል፣ ቀዳዳውም የውኃ በር ይሆናል። ከመሬት ጋር አስተካክሎ ቆርጦ፣ ያቆጠቆጠውን በየጊዜው መመልመል፤ ጉቶው እዚያው ይበስብስ። በምትኩ ጥድና ወይራ ይተከል፣ ግን ዛፉ ሲያድግ የሚደርስበትን ቁመት ያህል ከጠርዙ ርቆ።

ዘሮሃ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ልጨምር፤ በገና የሚመጣው ምዕመን ብዛት ራሱ እንደ ግንባታ መታቀድ አለበት። መጸዳጃው የት ይሁን?

ውኃ_ልክ

ለድንገተኛ ሁኔታ የሚሠራበት መለኪያ ለ50 ሰው አንድ መጸዳጃ ነው። 100,000 ሰው ቢመጣ 2,000 ማለት ነው፤ ያን ያህል ማቆም ይከብዳል፣ ስለዚህ ቢያንስ ስንት እንደጎደለ አውቆ ማቀድ። ሁሉም ተንቀሳቃሽና ታንከር ያላቸው፣ ሁሉም ከአብያተ ክርስቲያናቱ በታች። ለመጠጥ ብቻ በሰው 3 ሊትር ቢያዝ 300,000 ሊትር፣ 30 ቦቴ በቀን። ቦቴዎቹ በአጸዱ አጠገብ ሳይሆን በውጭኛው መንገድ ይቁሙ፤ የሞላ ቦቴ ከ15 ቶን በላይ ነው። ጠርዝ ላይ ደግሞ ከ2 ሜትር ያላነሰ ክፍተት በገመድ ይከለል፤ ከካህናቱ በቀር ማንም አይቁምበት።

ጠያቂ_ነኝ

ስንጥቅ እየሰፋ መሆኑን በምን እናውቃለን? ሁሉም «ድሮም ነበረ» ይላል።

ቱምቢ

በልኬት። ጀሶ መለጠፍ የተለመደ ነው፤ ቀን ተጽፎበት ከተሰበረ ተንቀሳቅሷል ይባላል። እርጥብ ቦታ ግን ጀሶው ራሱ ይሟሟል፣ ሳይንቀሳቀስ ይረግፋል። የተሻለው ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ የማይዝግ ብረት ምልክት ማድረግና ርቀቱን በካሊፐር መለካት ነው፤ እስከ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ይነበባል። ዐለቱን የሚነካ ሁሉ፣ ማጣበቅም ቢሆን፣ ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ አይሠራም። ንባቡ በወር አንድ ጊዜ፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ጠዋት ፀሐይ ሳይሞቅ፤ ቀትር ላይ የተነበበ ቁጥር የዐለቱን ሙቀት ነው የሚነግርህ። ከቁጥሩ ጎን ያለፈው ሳምንት ዝናብ ይጻፍ። አንድ ዓመት ሙሉ ካልተለካ መስፋቱንና የወቅት መተንፈሱን መለየት አይቻልም።

አሸተን_ሥር

ይህንን የሠፈሩ ልጆችም ሊይዙት ይችላሉ። ደብተሩን ማን ያስቀምጠው?

አንቀጽ_በአንቀጽ

በሦስት ቅጂ፦ አንዱ በደብሩ፣ አንዱ በከተማው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት፣ አንዱ በቅርስ ባለሥልጣን። እያንዳንዱ ገጽ በለኪውና በአንድ የደብሩ ተወካይ ይፈረም። ንባቡ በግንቦት ቢጀመር ጥሩ ነው፣ ቦዮቹም ከክረምት በፊት የሚጠረጉት በዚያው ወር ስለሆነ አብሮ ይሄዳል።